አሮጌዋን ላንድክሩዘር መገልበጫ

በሰው አገር በምንኖርባት ከተማ፣ ከኒምራ ታላታ ሰፈር ወደ ጀበል ሰፈር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ ያሉት ሁለት መንገደኞች በአማርኛ ወሬ ጀመሩ። አንዱ እግሩ ሥር የብረት ቱቦ ያጋደመ፣ የመኪና ቦዲ የሚጠግን ወጣት ባትላሜራ ነው፤ ሌላው ሸምገል ያሉ ሾፌር ናቸው።

«ይሄ ሁሉ ብረት ምን ሊሆንህ ነው?» አሉ ሾፌሩ።

«መገልበጫ ልሠራበት ነው፣ ጋሼ። የአንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ቦዲ ከፊትና ከኋላ አንጠልጥዬ እንደሚጠበስ በግ ላገላብጣት ነው።»

«ጎማ ያለው ጋሪ አይሻልህም?»

«ወለሏን ዝገት ጨርሶታል። ጋሪ ላይ ካስቀመጥኳት ሥሯ ተኝቼ ነው የምበይደው፤ ብልጭታው ፊቴ ላይ ይዘንባል።»

«እሱስ ልክ ነህ። ግን እንዳለፈው ዓመት ተኩስ ቢነሳ፣ ጋሪ ከሆነ ገፍተህ ትወጣለህ።»

«ያኔም እኮ ጋሪ ነበረኝ። የጋራዡ በር ላይ አሸዋው ያዘኝና መኪናውንም ጋሪውንም ጥዬ ሮጥኩ።»

«ወይ ጉድ! አሁንስ?»

«አሁንማ የመገልበጫውን እግር በሲሚንቶ ልተክለው ነው።»

«በሲሚንቶ? ኋላ እንዴት ልትነቅለው?»

«አልነቅለውም፣ ጋሼ። ከእሷ በኋላም ተራ የያዙ መኪኖች አሉ። ከተኩሱ የሸሸችው ባለቤቴም ከካምፓላ ልትመለስ ነው።»

ሾፌሩ ጎንበስ ብለው ቱቦውን በጣታቸው አንኳኩ።

«የኔም ፒክአፕ ወለሏ በስብሷል» አሉ። «ሲሚንቶው ሲደርቅ ላምጣት?»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም! ያምጧት እንጂ።»

ከተኩሱ ጊዜ ጀምሮ ለሽሽት እንደታሸገ አልጋዬ ሥር የተቀመጠው ሻንጣዬ ትዝ አለኝ።