ቅቤ የጠጣው ወለል

ክቡራትና ክቡራን፣ አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ። ዘውዱ፣ አትሳቅ፤ ክቡራን ስል አንተንም ጨምሬ ነው።

ይህን ሽኝት ያዘጋጃችሁልኝን ሁሉ፣ በተለይ የጋራዡን ባለቤት ጋሽ ሽፈራውን፣ አላህ ያክብርልኝ። ወንበር ሰጥታችሁኝ ነበር፤ መቀመጥ ግን አልቻልኩም። አውቶቡሱ ነገ ነው፣ ልቤ ከአሁኑ ተሳፍሯል። ኧረ ወንበሩን አትጎትቱት! ወለሉ ገና ቀለም አልቀመሰም።

ከመርሳ አዋሽ ስንት ሰዓት ያስኬዳል? እኔን ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አልደረስኩም።

አምና ክረምት መግቢያ ላይ ይህን ወለል በሲሚንቶ ሞልተን፣ እንዳይሰነጠቅ ጆንያ አልብሰን ውሃ ስናጠጣው፣ ጭንቀታችን ምን ነበር? ዶሮ እንዳይረግጠው! ጋሽ ሽፈራው በር ላይ ቆመው እኔን እንኳ “ዓሪፍ፣ ጫማህን አውልቅ” ይሉኝ ነበር። መቼም አይክዱኝም።

ጆንያውን አንስተን ወለሉ መድረቅ ሲጀምር ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ፤ ሰው በአይሱዙ እየተጫነ መርሳ ገባ። ባለቤቴ ነሲባ የመጀመሪያ ልጇን እንደ ወጉ እናቷ ቤት ልትወልድ ቆቦ ሄዳ ነበር። ከአይሱዙው ስትወርድ ምጥ ይዟታል። ጤና ጣቢያው ሞልቷል። እኔ ጋሽ ሽፈራውን አየሁ፣ እሳቸው ወለሉን አዩ።

“ምን ታፈጥብኛለህ? አስገባት እንጂ!” አሉኝ።

የፎርማናችን የአብዱልሐሊም ባለቤት ዘሀራ እዚያ ጥግ ላይ አዋለደቻት። ሴት ልጅ! ዘሀራ፣ ሰው ቂጣ ባጣበት ሰሞን ያን ሁሉ ቅቤ ከየት አመጣሽው? ኧረ ይቅርብሽ ብልሽ፣ “አራስ አናቷ ደርቆ አትተኛም! ዞር በል!” ብለሽ አባረርሽኝ። ቅቤው ከነሲባ አናት እየቀለጠ፣ ያነጠፍንላትን ካርቶን አልፎ ሲሚንቶው ውስጥ ገባ።

ጦርነቱ ወደኛ ሲቀርብ ነሲባ አራስ ልጇን ታቅፋ አክስቷ ዘንድ አዋሽ ሄደች። እኔ የታመሙትን እናቴን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ። ልጄ ትኑር አትኑር አላውቅም። ወላሂ፣ እንዴት እንዳላበድኩ አላህ ነው የሚያውቀው። ስልክ ሲመለስ መጀመሪያ የሰማሁት የልጄን ለቅሶ ነው፤ አብሬያት አለቀስኩ። እናቴ ግን ገና ከአልጋ አልተነሱም ነበር። አሁን ተሽሏቸዋል፤ ነገ አብረን እንሄዳለን። የጦርነቱ ወሬ ደግሞ እንደገና ተነስቷል፤ መንገዱ ሳይዘጋ ልውጣ።

እስከዚያው ምን ሠራሁ? ወለል ፈገፈግሁ! ኢፖክሲ የሚሉት ቀለም ከአዲስ አበባ መጥቶ ይጠብቀናል። ወለሉን አጠብን፣ ከወልድያ በተዋስነው ማሽን ፋቅን፣ አቧራውን ጠረግን። እርጥበት ይኑረው አይኑረው ለማወቅ ላስቲክ ለጥፈንበት አደርን፤ ጠዋት ስንገልጠው ሥሩ ደረቅ ነው። ከዚያ ቀለም ይይዝ እንደሆነ ለማየት ውሃ ረጨንበት። ሌላው ቦታ ሁሉ ጠጣው። እዚያ ጥግ ላይ ግን ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ቁጭ አለ። በኦሞ ብንለው፣ በሙቅ ውሃ ብንለው፣ ወይ ፍንክች! ቅቤ ላይ ቀለም አይይዝም፤ መኪና ሲሄድበት ይላጣል።

ትናንት ዘውዱ ምን አልክ? “ያችን ቦታ ሳንቀባ እንተዋት። ለልጅህ መታሰቢያ ትሁን።” ሁላችሁም አጨበጨባችሁ። ደግ ልብ ነው ያላችሁ፣ አልካድኩም።

ዛሬ ጠዋት ነሲባ ደወለች። “ዓሪፍ! ልጅቱ ሄደች! ተራመደችና በቂጧ ቁጭ አለች!” ስልኩን ይዤ ጋራዡን ስዞረው ያያችሁኝ ለዚህ ነው። አልጠጣሁም፣ አላበድኩም።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ እምቢ! መታሰቢያ ለሞተ ነው። የኔ ልጅ ቆማ ትሄዳለች። ልጃቸውን መንገድ ዳር የቀበሩ አሉ፤ መታሰቢያው ለእነሱ ይገባል። ያችን ቦታ እንደገና እጠቡልኝ፣ እንደገና ፋቁልኝ፤ ውሃው ካልሰረገ ደግሞ እንደገና። ጋሽ ሽፈራው፣ እንዳይቸኩሉ፣ አደራ። ዘሀራ፣ አንቺም አትቀየሚኝ፤ ቅቤሽ ሲሚንቶውን ቢለቅ እኛን አይለቅም።

በሉ እጃችሁን ለዱዓ አንሱልኝ። አላህ እጃችሁን ይባርክ፣ ጎጇችሁን ያሙቀው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጁ በወግ በማዕረግ ይወለድለት። አንድ ቀን ልጄን ይዣት እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ፤ በቀለሙ ላይ ትሩጥበት። “የት ነው የተወለድኩት?” ብትለኝ፣ ፈልጌ ቦታውን ልጣው። ከእንግዲህ በዚህ ወለል ላይ መኪና ይተኛበት፣ ሰው አይተኛበት።

አሚን በሉ!