ስሙ ያልተጠየቀው ቀጥቃጭ

ዐቦኮር ኢሴ ከጅጅጋ የግመል ገበያ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ የሟች ወንድሙ ልጅ ዐብዲናስር የእጅ ጋሪ እየገፋ ዳገቱን ሲወጣ አገኘው። ጋሪው ላይ አንድ ከባድ ጥቁር ብረት ተቀምጧል፤ አናቱ ብቻ ተፈግፍጎ ያበራል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አዴር» አለ ልጁ ላቡን እየጠረገ፤ አጎቱን እንደዚያ ነው የሚጠራው።

«ወአለይኩሙ ሰላም። ቁራሌው እንኳ የተወውን ጉድ ወዴት ትወስደዋለህ?»

«ወደ ቤቴ። መስፍ ነው፤ ብረት የምቀጠቅጥበት። ጓሮዬ ውስጥ የብረት መቀጥቀጫ ልከፍት ነው።»

ዐቦኮር ክው አለ። የፊታችን አርብ አውበሬ ከተማ ሄዶ ፈርሂያ የምትባል ልጅ ለዚሁ ልጅ በሚስትነት ሊለምን ቀጠሮ ይዟል። ለቀጥቃጭ ልጁን የሚድር ሰው እንደሌለ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ኖሯል፤ ሲያሰማም ኖሯል። ሊቆጣ ተከትሎት ሄደ።

ጓሮው ውስጥ ከጉርድ በርሜል የተሠራ ምድጃ፣ በእጅ የሚዘወር ማራገቢያና ብረት ነክሶ የሚይዝ፣ ጥርሱ የታደሰ ሞርሳ ተደርድረዋል። ሁሉም ከአሮጌ ጋራዦች ጓሮ የተለቀሙ ናቸው። መስፉም ለዓመታት ፍየል ሲታሰርበት የኖረ ነው፤ ዐብዲናስር እዚያው በነበረበት በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን ሲያነሳለት ነው የከረመው።

«ቴክኒክ ትምህርት ቤት የላክሁህ ለዚህ ነው? አርብ ምን ልበላቸው? ልጃችሁን ለቀጥቃጭ ስጡን ልበል? ወላሂ፣ እግሬን አላነሳም!»

«አይቆጡ፣ አዴር። አላህ ብረትን ያለሰለሰው ለነቢዩ ዳውድ አይደለም? ነቢይ የሠራው ሥራ እኛን እንዴት ያዋርደናል?»

«አንተ ነቢይ ነህ?»

«አይደለሁም። ለዚህ ነው መዶሻ ያስፈለገኝ።»

ዐቦኮር ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ዋጠውና ወገቡ ላይ የታጠቀውን ጩቤ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ይህን ቅድመ አያቴ ሮብሌ ለጉሌድ፣ ጉሌድ ለኢሴ፣ ኢሴ ለእኔ አወረሰኝ። ይህን የታጠቀ ቤተሰብ መዶሻ አያነሳም።»

«ማን ሠራው?»

«ነገርኩህ እኮ፣ ሮብሌ…»

«የታጠቁትን ነገሩኝ፣ አዴር። እኔ የጠየቅሁት የሠራውን ነው።»

ዐቦኮር የዘር ሐረጉን ሳይደናቀፍ የሚቆጥር ሰው ነበር። የጩቤው ሠሪ ስም ግን በዚያ ሐረግ ውስጥ የለም። እኛ ሰዎች እንዲህ ነን፤ ማረሻው ከቤታችን እንዲጠፋ አንፈልግም፤ ማረሻውን የሠራው ሰው ግን ከገበታችን እንዲርቅ እንፈልጋለን።

ዐቦኮር ለማንም ያልነገረው ሌላ ሐፍረትም ነበረበት። የጩቤው ስለት ከእጀታው ከተሰበረ ቆይቷል፤ በጠፍር አስሮ ከሰገባው ሳያወጣ ነው የሚታጠቀው። ብዙ አመነታና ፈትቶ ለልጁ ሰጠው።

ዐብዲናስር ማራገቢያውን ዘወረ። ከሰሉ ነደደ። ብረቱ ቀላ፣ ከዚያ ብርቱካን መሰለ። መስፉ ላይ ሲያርፍበት መዶሻው ጥርት ያለ ድምፅ አወጣ፤ የሞተው ብረት እንደ ሊጥ እየተሳበ እጀታው ውስጥ የሚገባ አዲስ ሥር አበቀለ። ዘይት ውስጥ ሲነከር ጭሱ ተትጎለጎለ። ዐቦኮር ለማየት ጎንበስ አለ።

«ሱብሃነላህ!» አለ በሹክሹክታ። «ይህን ነው ስንንቅ የኖርነው?»

አርብ ዕለት የፈርሂያ አባት ኩልሚዬ እንግዳውን ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ የሙሽራውን ሥራ ጠየቀ። ዐቦኮር ጩቤውን መዝዞ ፊቱ አኖረው። ኩልሚዬ አገላበጠው፤ እጀታውን ነቀነቀው፤ ንቅንቅ አላለም።

«የሮብሌ ጩቤ ነው፤ ግን እንደ አዲስ ሆኗል። ማነው የሠራው?»

«የመጀመሪያውን ሠሪ ስም ማናችንም አልጠየቅንም፤ ይኸው ያሳፍረኛል። ያደሰው ግን ዐብዲናስር ይባላል። ልጅህን የምለምንህ ለእሱ ነው። ቀጥቃጭ ነው። ዶማችን ሲሰበር፣ የጋሪያችን አክስል ሲጣመም ድሬዳዋ ድረስ መንከራተታችን ቀረ። የእጁን ሥራ የሚበላ፣ መሣሪያው ተሰብሮ የተቀመጠ ጎረቤቱንም ከሥራ ፈትነት የሚያወጣ ሰው ነው። ካልፈለግህ ንገረኝ፤ እኔ ግን ሥራውን አልደብቅልህም።»

ኩልሚዬ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። ዐቦኮር «አበቃ!» አለ በልቡ። ጥቂት ቆይቶ ሰውየው አንገቱ የተቀነጠሰ አሮጌ መጥረቢያ ይዞ ወጣና ዐቦኮር እጅ ላይ አኖረው።

«የአባቴ ነው» አለ። «ለአማቼ አድርስልኝ።»