ካይሮ ማን አለን?

ከበዴሳ ወደ ሶዶ በሚመጣው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ባልና ሚስት ኢየሩሳሌም ለመሳለም መንገዳቸውን ያሰናዳሉ።

«ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በባቡር» አሉ ባልየው።

«የክርስትና ልጃችን ቤት እናድራለና!» አሉ ሚስትየው እየሳቁ።

«ከዚያ በባቡር ጅቡቲ።»

«የክርስትና ልጃችን አማቾች አሉልን! እሺ፣ ቀጥሉ!»

«ከጅቡቲ ኤደን በአውሮፕላን። አጭር ናት አሉ፣ ፈርተሽ ሳትጨርሺ ትደርሻለሽ።»

«የሶዶው አረብ ባለሱቅ ወንድም እዚያ አይደል? ቅቤ እወስድለታለሁ።»

«ቅቤ በአውሮፕላን?»

«ታዲያ ባዶ እጄን የሰው ቤት ልግባ?»

«ይሁን። ከኤደን ካይሮ፣ ከካይሮ ኢየሩሳሌም!»

ሚስትየው ሳቃቸውን አቆሙ።

«ካይሮ ማን አለን?»

«ማንም የለንም። ሆቴል እናድራለን።»

«ሆቴል? ዘመድ እንደሌለው ሰው? ካይሮ የሚያሳድረን ካልተገኘ እቀራለሁ!»

«ዕድሜሽን ሙሉ የተመኘሽውን?»

«እቀራለሁ አልኩ!»

ይህን ብለው ድንገት ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ መላጣዬን እያዩ፣ «ካይሮ ዘመድ የለህም?»

ከሻሸመኔ ወዲያ አንድ የማውቀው ሰው የሌለኝ እኔ፣ ሶዶ እስክንገባ ድረስ በእናቴም በአባቴም ወገን ካይሮ ሊገኝ የሚችል ዘመድ ስፈልግ መጣሁ።