ዳነች ተብሎ የቆመው መርፌ

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ዊንጌት ታክሲ ስጠብቅ ዝናቡ ድንገት ወረደና አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልሁ። እዚያ የሰፈሬን ሰው አቶ ይገዙን አገኘኋቸው። ሸጎሌ አካባቢ ጎሚስታ፣ ማለትም የጎማ መጠገኛ ሱቅ ያላቸው፣ አንዲት ልጃቸውን ሄራንን ብቻቸውን ያሳደጉ ትጉህ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ጎረቤታቸው ነርሷ ሩታ ቆማለች። ሄራን ተማሪዬ ስለሆነች በመጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ፈተናዋ ነበር። አቶ ይገዙ አልተፈተነችም አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄራን ከልጅነቷ ጀምሮ የፍራሽና የምንጣፍ አቧራ አይስማማትም፤ ያስነጥሳታል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ አስሟ ተነሥቶ ደረቷን ያፍናታል። ሐኪም መርምሮ የአለርጂ መርፌ አዘዘላት። ሰውነቷ የማይቀበለውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ እየሰጡ የሚያለማምዱበት ሕክምና ነው፤ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ኋላ በየወሩ፣ በጠቅላላው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት። በዘጠነኛው ወር ልጅቱ በጣም ተሻላት። አባትዬው ጤነኛ ልጅ ለምን ትወጋለች ብለው አስቆሟት። ሁለት ጊዜ ለመነቻቸው፤ ከዚያ ተወችው። ዓመት አልፎ፣ በሐምሌ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ በገባች በማግሥቱ፣ ከመኝታ ክፍሉ አሮጌ ፍራሽ ስትነሣ ትንፋሽ አጠራትና ሆስፒታል ተወሰደች። ሕይወቷ ተረፈ፤ ፈተናው ግን አመለጣት።

«አሁን ደግሞ እንደገና ጀምሩ ትሉናላችሁ» አሉ አቶ ይገዙ ወደ ሩታ ዞረው። «መርፌው የሚሠራ ቢሆን በሽታው ለምን ተመለሰ፣ ልጄ?»

«ጋሼ፣ ስለሠራ እኮ ነው የተሻላት። ግን ሳይጨርስ ቆመ። ሕመሙ ጠፋ ማለት ሰውነቷ ለምዶ ጨረሰ ማለት አልነበረም።»

«ይህን ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

መርፌው በሚሰጥበት ሕክምና ቤት የምትሠራው ሩታ፣ ሐኪሙ ለእሳቸው ነግሯቸው እንደነበር ታውቃለች፤ ግን እሱን አላነሣችም። ሄራን ከቀጠሮ መቅረቷን እየሰማች እሷ በደጃቸው ስትመላለስ፣ ለትልቅ ሰው መናገር ከብዷት ዝም ማለቷን ተናዘዘች። እኔንም ልቤን ነካኝ። ሄራን ክፍል ውስጥ እንደገና ማሳል ስትጀምር ጉንፋን ነው ብዬ አልፌያታለሁ።

አቶ ይገዙ ካቆመችበት መቀጠል ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ሩታ አይቻልም አለች፤ ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ ሐኪሙ መጀመሪያ አስሟን ያረጋጋል፣ ከዚያ ከትንሹ መጠን ይጀምራል። ዘጠኙ ወር ባክኗል። 

ከዚያ አቶ ይገዙ የሥራቸውን ነገር አነሡ፤ ሱቁን እየዘጉ መመላለሱን፣ ከመርፌው በኋላ ግማሽ ሰዓት መቀመጡን።

«መቀመጡ ለደኅንነቷ ነው» አለች ሩታ። «መርፌው ራሱ ሰውነቷን ቢያስቆጣ እዚያው እንድንረዳት። ሥራ የያዘዎት ቀን ይደውሉልኝ፤ እኔ እወስዳታለሁ። ሁሉም ሰው ፈጽሞ ይድናል አልልዎትም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው የጸና ሰው ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ይቀልለታል፤ መርፌው ካበቃ በኋላም ለዓመታት እፎይ ይላል። ተሻለኝ ብሎ የሚያቋርጠው ግን እንደ እኛ ልጅ ነው የሚሆነው።»

«የእኛ ልጅ» ማለቷ ሳያሸንፋቸው አልቀረም። ቀጠሮ እንድታስይዝላቸው ለመኗት።

ዝናቡ ሲያባራ አብረን ወደ ቤታቸው ሄድን። ሄራን ካለፈው ዓመት ደብተሮቿ ጋር ተቀምጣ ነበር። ጓደኞቿ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይጠብቃሉ፤ እሷ በመስከረም ከታናናሾቿ ጋር እንደገና ትማራለች። ያን ዓመት ማንም አይመልስላትም። ለሌላው ወላጅ ግን ጊዜ አለና የምጽፈው ለዚሁ ነው፤ ልጅዎ ሲሻላት መርፌውን ለማቆም ሐኪሙን እንጂ ዓይንዎን አይመኑ።

አቶ ይገዙ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ።

«ስትለምኚኝ መስማት ነበረብኝ» አሏት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እንደገና እንጀምራለን፤ አሁን እኔ አላስቆምሽም።»

ሄራን አባቷን አየች፣ ሩታን አየች።

«ቀጠሮው መቼ ነው?» አለች።