ከጋቢናው ስለወጣው ፊልትሮ

የምስክር ስም፦ ወይዘሮ ታክ ሱንየ
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ ገበሬ
አድራሻ፦ ጊምጄ ከተማ፣ ሶልጋ መንደር
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ነሐሴ 8

በአቶ ፕዮ ማንሶክ ላይ ስለደረሰው አደጋ የማውቀውን ተጠይቄ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ።

አቶ ማንሶክ የ71 ዓመት ጎረቤቴ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል፤ አንድ ልጁ ያለው ሴኡል ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ የትራክተሩ ኤሲ ሙቅ አየር እየነፋ ስላስቸገረው መካኒኩን አቶ ኦክ ኪቾልን አስጠራ። የአኩሪ አተር ማሳችን ስለሚዋሰን እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። አቶ ኪቾል በአቧራና በገለባ የተደፈነውን የኤሲውን ራዲያተር በአየር አጸዳ፤ የላላውን ቺንጋ አጠበቀ፤ ጋዙን ለካ። በመጨረሻም በጋቢናው ጣሪያ ሥር ያለውን ፊልትሮ በአዲስ ቀየረ። ይህ ፊልትሮ ውስጡ ከሰል ያለበት ሲሆን፣ ጸረ ተባይ ሲረጭ መርዙ ወደ ሾፌሩ እንዳይገባ የሚያግድ ነው። “አባባ፣ በዚህኛው ነፋሱ ደከም ይላል፤ ቢሆንም ሲረጩ እንዳይነኩት” ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አቶ ማንሶክ “አንተ ሳትወለድ ነው መርጨት የጀመርኩት” ብሎ ሳቀና ቀዝቃዛ የገብስ ሻይ አጠጥቶ ሸኘው።

ከምሳ በኋላ፣ ርጭት ሊጀምር ሲል፣ ፊልትሮውን ፈትቶ ሲያወጣው አየሁ። “ጋሼ፣ ምነው? መልሰው እንጂ” አልኩት። “አየሩን አነቀብኝ። በዚህ ሙቀት ተቀቅዬ ልሙት? አንቺ ደግሞ እንደ ሚስቴ አትነዝንዢኝ” አለኝ። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ትራክተሩ መስመሩን ስቶ ወደ ቦዩ ሲያመራ አይቼ ሮጥኩ። በሩን ስከፍት የመድኃኒቱ ሽታ ፊቴን መታኝ። አቶ ማንሶክ መሪው ላይ ተደፍቶ ያስመልሰው ነበር። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ጎትቼ አውርጄ፣ አምቡላንስ ጠራሁ።

ትናንት ሆስፒታል ስጠይቀው ተሽሎት አገኘሁት። ልጁ መካኒኩን ፊልትሮ ሳይገጥም ሄዷል ብሎ እንደከሰሰው አቶ ማንሶክ ነገረኝ። “ጋሼ፣ እንደዚያ ያልከው አንተ ነህ?” አልኩት። “አዎ። ልጄ እውነቱን ካወቀ ትራክተሩን ሸጦ ሴኡል ወስዶ ፎቅ ላይ ያስቀምጠኛል። እዚያ ምን እሠራለሁ? ኪቾል ገና ጉልበት አለው፣ ይችለዋል። ዝም በዪ፣ ሱንየ” አለኝ።

ቤቴ ገብቼ ሳስብ አመሸሁ። የሰውዬው ፍርሃት ይገባኛል፤ እኔም ያለ ማሳዬ ራሴን አላውቀውም። ነገር ግን አቶ ኪቾል የሰው ነፍስ ሊያጠፋ ነበር ተብሎ ስም ከወጣለት ማን ትራክተሩን አምኖ ይሰጠዋል? ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ሆስፒታል ጎራ ብዬ፣ ያየሁትን ልናገር እንደሆነ ለአቶ ማንሶክ ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወጥቼ ወደዚህ መጣሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ከሰማሁ በኋላ ይህ እንዲጨመርልኝ ጠይቄአለሁ፦ ልጁ ትራክተሩን ከመሸጡ በፊት ያነጋግረኝ። ከእንግዲህ የአባቱን ማሳ የምረጨው እኔ ነኝ፤ እርሻውን ግን አባትየው ራሱ ይረስ።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት እውነት መሆኑን፣ ማንም ሳያስገድደኝ መናገሬን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ታክ ሱንየ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ናም ዶህዮን