ያልተጫነው ማስተካከያ

ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንዲት እናትና አንድ ወጣት ተቀምጠዋል። እናትየዋ ወጣቱን ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቁት።

«የሆሳዕና ሆስፒታልን ኮምፒውተሮች ነው የምከታተለው።»

«ማክሰኞ ሁሉም ሲቆም ባለቤቴ የደም ምርመራ ውጤት እየጠበቀ ነበር። ለምን ነበር የቆመው?»

«ላብራቶሪውም ካርድ ክፍሉም የሚሠሩት በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። አንዱን ከሌላው የሚለየው ሶፍትዌር ክፍተት ነበረበት። የሆነ ሰው በአንዱ በኩል ገብቶ ሁሉንም አቆመው።»

«ክፍተቱን አታውቁም ነበር?»

ወደ እሳቸው ዞረ።

«አውቅ ነበር፣ እናቴ። ክፍተቱን የሚደፍነው ማስተካከያ ደርሶኝ ነበር። ሲጫን ሥራ ስለሚያቋርጥ ለቅዳሜ አስተላለፍኩት።»

«ውጤቱ በማግሥቱ ሲመጣ ባለቤቴ አርፎ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ባትነግረኝ እኮ አላውቅም ነበር፣ ልጄ።»

መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።