የአዴ ፋጡማ ጉድጓድ

ሮቦቱን ወደ ውሃው ልናወርደው ስንል አዴ ፋጡማ «ቆዩ! መጀመሪያ እጠቡት፤ እናቴ ለሶላት ውዱእ ያደረገችበት ውሃ ነው» አሉን። አጠብነው። ጀጎል ውስጥ ባለው ግቢያቸው ያለውን ይህን የጥንት ጉድጓድ ልጃቸው አብዲ የዚያኑ ቀን አስደፍኖ ክፍል ሊሠራበት ነበር። «ምንጭ የለውም፤ የተጠራቀመ ዝናብ ነው» ይላል። እሳቸው ደግሞ «ወላሂ ከሐኪም ተራራ ነው የሚመጣው። አልፎም ይሄዳል» ይላሉ። እኛ የድሮ ጉድጓድ አጥኚዎች ነን፤ ካሜራ የተገጠመለትን ሮቦት በገመድ አወረድነው። ስክሪኑ ላይ የታየን ግን ማኪያቶ የመሰለ ድፍርስ ብቻ ነው። ሮቦቱን ወዲያ ወዲህ ባንቀሳቀስኩት ቁጥር ባሰበት። አብዲ «ይኸው፣ ጭቃ!» ብሎ ሳቀ።

አዴ ፋጡማ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ልጄ፣ የምታደፈርሰው አንተው ነህ። አጥፋውና ተቀመጥ። እኛስ ባልዲ ጥለን እስኪጠራ እንጠብቅ የለም እንዴ?» አሉኝ። አፈርኩ፤ ሞተሩን አጠፋሁት። ጥቂት ቆይቶ ደለሉ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን። ቀስ እያለ በጉድጓዱ ግንብ ድንጋዮች መካከል ወዳለ ጥቁር ቀዳዳ ገባ። አብዲ ስክሪኑ ላይ ተደፋ።

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠይቀው እሱን ነው» አሉ እናቱ።

ከበር ለመድፈኛው የታዘዘውን አሸዋ ያመጣው አህያ ነጂ «አሸዋውን የት ላራግፈው?» ብሎ ተጣራ። አብዲ ዓይኑን ሳይነቅል «መልሰው!» አለና በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ «ተከተለው እንጂ!»